«ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚል ውሸት

ከጎማ ወረዳ የመጣች አንዲት ወጣት ጅማ መርካቶ አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት የሥልጠና ምዝገባ በኢንተርኔት ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም በጥንቃቄ አስገብታ ላከች። «ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ አሳትማ ይዛው ሄደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም። መሥሪያ ቤቱ «ሲስተሙ ውስጥ የለሽም» ብሏታል፤ የምዝገባው ቀንም አልፏል። ወረቀቱን እያሳየችኝ «ጋሼ፣ እርስዎም አይተዋል፤ ተሳክቷል አላለኝም?» አለችኝ።

ብሏታል። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ኮዱን ሊያሳየኝ ፈቀደና አብረን ፈተሽነው። የአባቷ ስም በቁቤ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁዻ አለው፤ ከፊደላቱ መካከል ከፍ ብላ የምትጻፈው ነጠላ ጭረት ማለቴ ነው። የተመዝጋቢዎቹ መረጃ የሚከማችበት ዳታቤዝ በሚታዘዝበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ደግሞ ያቺው ምልክት ጽሑፍ የሚጀመርባትና የሚዘጋባት ናት። ስለዚህ ዳታቤዙ ስሙ መሐል ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለዋል፤ የተረፈው ትርጉም ያጣበታል፤ ትእዛዙን አልቀበልም ይላል። አልቀበልም ማለቱንም ኮዱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ ለኮዱ መልሷል። ኮዱ ግን መልሱን ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ። የሚቀጥለው መስመር «ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚለው ነበር።

ሰዒድንና ሱዓድን በቁቤ ጻፏቸው፤ ሁለቱም ሁዻ አላቸው። በጅማና በአካባቢዋ እንዲህ ያለ ስም በየቤቱ አለ። ያ ድረ ገጽ እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ እየጣለ፣ ለእያንዳንዳቸው የምሥራች ይነግር ነበር።

ስሙን ከትእዛዙ ለይቶ የሚልከው ፕሪፔርድ ስቴትመንት ቢሠራበት ኖሮ ሁዻዋ ችግር ባልሆነች። ይህን ማንም ባለሙያ ይነግራችኋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ዝምታው ነው። ነገ ሌላ ብልሽት ይመጣል፤ ዲስክ ይሞላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል። ብልሽትን ሁሉ አስቀድሞ መከላከል አይቻልም። መበላሸቱን መናገር ግን ሁልጊዜ ይቻላል።

ፒኤችፒ ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የራሱን ገጾች ለማስተዳደር የጀመረው መሣሪያ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም አንድ ነገር ሲበላሽ አስጠንቅቆ መንገዱን የመቀጠል ጠባይ ነበረው። «ይህን ሞክር፤ ስህተት ከመጣ እዚህ ያዘው» የሚሉት ትዕዛዞች፣ ትራይ እና ካች፣ የገቡት በ2004 በፒኤችፒ 5 ነው። ፒኤችፒ 7 በ2015 ቀድሞ ፕሮግራሙን በቀጥታ ይገድሉ የነበሩ ብዙ ስህተቶችን ካች ሊይዛቸው የሚችሉ አደረጋቸው። ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር ከሚነጋገርባቸው መሣሪያዎች የ2020ው ፒኤችፒ 8 የፒዲኦን፣ የ2021ዱ 8.1 ደግሞ የማይኤስኪውኤልአይን ነባሪ ጠባይ ቀየሩ፤ ዳታቤዙ እምቢ ሲል ካች የሚይዘው የስህተት መልእክት፣ ኤክሴፕሽን፣ ይወረወራል፤ ካልተያዘም ሥራው እዚያው ይቆማል። ያ ኮድ በ8.1 ላይ ቢሠራ ኖሮ ልጅቷ የውሸት ወረቀት ይዛ ባልወጣች።

ግን ቋንቋው ብቻውን አያድንም። የኤት ምልክቷን (@) ከትእዛዝ ፊት ለጥፎ ማስጠንቀቂያን አፍ ማስያዝ የለመደ እጅ፣ ዛሬ ውስጡ አንድም መስመር የሌለው ካች ይጽፋል። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ካች የሚጻፈው ስህተቱን ምን እንደምታደርገው ስታውቅ ነው፤ ካላወቅህ ልቀቀው፣ ከላይ የሚጠብቀው አጠቃላይ ተቀባይ ይመዝግበው።

«ታዲያ ተጠቃሚው ያን ሁሉ የስህተት ዝባዝንኬ ይይ?» የሚሉኝ አሉ። አይይ። የፋይል አድራሻና የሠንጠረዥ ስም አደባባይ ማስጣት ለሰርጎ ገብ በር መክፈት ነው። ስህተትን ገጹ ላይ የሚያሳየው ዲስፕሌይ ኤረርስ ይዘጋ፣ ሎግ በሚባለው መዝገብ ላይ የሚጽፈው ሎግ ኤረርስ ይከፈት፤ ሎጉንም የሚያነብ ሰው ይመደብ። ሰርቨሩ «ሁሉ ደህና» በሚለው የመልስ ቁጥር 200 ደህንነት ከማብሰር፣ «እኔ ጋ ተበላሽቷል» በሚለው 500 ይመን። ለተጠቃሚው ደግሞ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም «ምዝገባዎ አልተቀመጠም፤ እባክዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ይባል። ልጅቷ ይህን አንብባ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ትቆም ነበር።

ድረ ገጽ የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ በርክክብ ቀን መልኩን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ሁዻ ያለበት ስም አስገቡ። ባለሙያው ዳታቤዙን ለጊዜው ሥራ እንዲያስቆመው አድርጉና ቅጹን እንደገና ላኩ። ያኔም «ተሳክቷል» ካለ አትረከቡ።

ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ኮዱን በዚያው ሳምንት አስተካክሏል። ከእሷ በፊት ስንት ሰው እንደወደቀ ልናጣራ የሎግ ፋይሉን ከፈትን፤ ባዶ ነበር። ሎግ ኤረርስ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም።