የጎጃም ማርና የባሕር ማዶ ማርሽሜሎ

ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ዳንግላ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ማርሽሜሎ የሚባለው ለስላሳ ነጭ ከረሜላ አይጠፋም። ኪሎ አይነካም፣ ልጆችም ይሻሙበታል። ያው ሻንጣ ሲመለስ ደግሞ ማር ይዞ ይሄዳል። እዚያ ማዶ ያለው ወላጅ ግን የፌስታሉን ማርሽሜሎ ከልጁ እጅ ለማስጣል ሲታገል ነው የሚውለው፤ በማር የተሠራውን ከገበሬዎች ገበያ በውድ ይገዛል፣ ሲብስበትም ወጥ ቤት ገብቶ ራሱ ይመታዋል። እነሱ የሸሹት ለአገር ቤቱ ልጅ ስጦታ ሆኖ ይመጣል፤ እነሱ የሚፈልጉት ማር ደግሞ እዚህ በየጓዳው በማሰሮ ተቀምጧል።

ፌስታሉ ጀርባ ላይ የሚነበበው አጭር ነው፦ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ስኳር፣ ስታርች፣ ጄላቲን፣ ማጣፈጫ። ነጭነቱ እንዲደምቅ ጥቂት ሰማያዊ ቀለም የሚጨመርበትም አለ። ከሁሉ የሚያነጋግረው ጄላቲኑ ነው። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ሲሆን፣ በአሜሪካ ማርሽሜሎ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። ማሸጊያው «ጄላቲን» ብቻ ካለ መጠርጠር ይሻላል፤ የከብት ወይም ሐላል ከሆነ አምራቹ ራሱ በጉልህ ይጽፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን አሳማ ቀምሰው ለማያውቁ አያት «እማማ፣ ይቅመሱት እስቲ፣ ከረሜላ ነው» ብሎ ማጉረስ፣ ባለማወቅም ቢሆን፣ ደግ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ለአገር ቤት የሚጠቅመው የከብት መሆኑ የተጻፈበት የጄላቲን ዱቄት ነው። አንድ ዙር 30 ግራም ይፈጃል፤ ግማሽ ኪሎ ከአሥራ ስድስት ዙር አያንስም። የበሬ እግር ተቀቅሎ ሲያድር መረቁን የሚያረጋውም ይኸው ጄላቲን ነው፤ ግን ያንን በቤት ውስጥ አጥርቶ ለማርሽሜሎ ማድረስ አያዋጣም። ጥንካሬው አይታወቅም፣ የሥጋ ሽታውም አይለቅም።

20 በ20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ 340 ግራም ማር፣ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 30 ግራም ጄላቲን፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለሚወድም አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ይበቃል። ጄላቲኑ በግማሹ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይነሰነስና 10 ደቂቃ ውሃውን ይጠጣል። ሙቅ ውሃ ላይ ወይም አንድ ቦታ ተከምሮ ከፈሰሰ ላዩ ርሶ መሀሉ ደረቅ ይቀራል፤ ያ ጓል በኋላ ቢመቱት ቢመቱት አይፈታም። ማሩ፣ ጨውና የቀረው ውሃ መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳሉ። ድስቱ አራት ሊትር የሚይዝ ይሁን፤ ማር ሲፈላ አረፋው በብዙ እጥፍ ስለሚወጣ በትንሽ ድስት ከጣዱት ምድጃ ማጠብ ነው ትርፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የባሕር ማዶው አሠራር «ሽሮፑ 115 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይድረስ» ይላል። ይህ ቁጥር የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ 94። ሽሮፕ ከውሃ በላይ የሚሞቀው ውሃው እየተነነ ስኳሩ ሲወፍር ነው። የውሃው መፍያ 8 ዲግሪ ከወረደ የሽሮፑም መድረሻ በዚያው ልክ ይወርዳል፦ ለማርቆስ 107፣ ለባሕር ዳር 109። ማርቆስ ሆኖ 115 እስኪሞላ የጠበቀ ሰው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 123 ያደረሰ ያህል ነው። የሚያገኘውም ጥርስ ላይ የሚጣበቅ፣ የማሩ ጣዕም ያረረበት ላስቲክ ነው። ከዚያ በኋላ «የአገር ቤት ማር ለዚህ አይሆንም» ተብሎ ይፈረዳል። ማሩ ምን አጠፋ!

አሜሪካ ውስጥ የኬክ ዱቄት ማሸጊያ ላይ ሳይቀር ለከፍታ ቦታ የተለየ መመሪያ ይታተማል፤ 1,600 ሜትር ላይ ያለ የዴንቨር ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። ከዴንቨር በ800 ሜትር ለምትበልጠው ማርቆስ ግን አሠራሩ እንዳለ በስልክ ይላካል።

ቴርሞሜትር ያለው ሰው መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከረው። ከ100 የጎደለውን ያህል ከ115 ላይ ይቀንስ፤ የመሣሪያው ስሕተትም አብሮ ይታረማል። የሌለው ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን ያቅርብና የሽሮፑን ጠብታ ይጣልበት። በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ኳስ ሆኖ፣ ከውሃው ሲወጣ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ውሃው ላይ ከተበተነ ገና ነው። ጠንክሮ ቅርጹን ከያዘ አልፏል፣ ትንሽ ውሃ ጨምሮ እንደገና ማፍላት ነው። ይህ ፈተና ደጋ ቆላ አይልም፤ ለጎጃም ከቴርሞሜትሩም ይመረጣል።

ማሩ ነጣ ያለና ጣዕሙ የለዘበ ይሁን፤ ጠቆር ብሎ መረር የሚለው ሲፈላ ምሬቱ ይጎላል። ከባህላዊ ቀፎ የወጣ ከሆነ ሰፈፉ መውጣት አለበት። ሰፈፍ 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጥና ሽሮፑ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲመታ አረፋውን ያደክመዋል፣ ሲረጋም ምላስ ላይ ይሻክራል። ስለዚህ ማሩ ከውሃው ጋር ለብ ብሎ፣ ሰፈፉ ሳይቀልጥ በፊት በጨርቅ ይጠለል። ስኳር የተደባለቀበት ማር ማርሽሜሎውን አያበላሸውም፤ የሚከስረው ገዢው ነው።

ሽሮፑ ሲደርስ ከእሳት ወርዶ አረፋው እስኪበርድ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ በቀጭኑ እየፈሰሰ ጄላቲኑ ላይ ይጨመራል። ጄላቲኑን አብሮ ማፍላት አይገባም፣ ብዙ ሲፈላ የመርጋት ኃይሉ ይደክማል። ሚክሰሩ በዝግታ ጀምሮ በሙሉ ፍጥነት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይመታዋል። ቡናማው ፈሳሽ እየነጣና እየነፋ ይሄዳል። መምቻው ሲነሣ የሚወርደው ላዩ ላይ ታጥፎ ትንሽ ቆይቶ ከጠፋ፣ ሳህኑም በእጅ ሲነካ ለብ ካለ ይበቃል። ቀድሞ የቆመ እንደሆነ ከታች ጄሊ ሆኖ ይለያል፤ ካለፈ ደግሞ እዚያው ሳህኑ ውስጥ ይረጋና ትሪ ላይ አልዘረጋ ይላል።

መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ? እዚያ ማዶ አሠራር የሚጽፍ ሰው ይህን አያስብም፤ እዚህ ግን መልስ ያሻዋል። ሳህኑን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ላይ፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ አስቀምጦ በእጅ መምቻ እየተቀባበሉ መምታት ነው። ጉልበት ይጠይቃል። ረግቶ ቢቀርም አልተበላሸም፤ በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጦ መብራት ሲመጣ ደግሞ መምታት ይቻላል።

ፓፓያ ልጨምርበት ያለ ሰው አስቀድሞ በእሳት በደንብ ያብስለው። እሳት ያልነካው ፓፓያ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ጄላቲንን ይቆራርጠዋል፤ ቢያድርም አይረጋ።

ትሪው ስታርች ተነስንሶበት ይጠብቅና ቅልቅሉ ይገለበጥበታል። ማርቆስ ላይ በሌሊቱ ብርድ ያለ ፍሪጅ ይረጋል። በነጋታው 36 ቦታ ይቆረጥና ግማሹ የበቆሎ ስታርች፣ ግማሹ በወንፊት የተነፋ በሶ በሆነ ዱቄት ይንከባለላል። በሶ ከተቆላ ገብስ ስለሚፈጭ እንዲሁ ይበላል፣ ከማርም ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው፤ ጥሬ የስንዴ ወይም የጤፍ ዱቄት ግን አይሆንም። በሶ ብቻውን ሻካራ ነው፣ እርጥበቱን ቶሎ አይመጥም፤ ስታርቹ የገባው ለዚህ ነው። ማር ከስኳር ይልቅ የአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ በበጋ በተከደነ ዕቃ ሳምንት የሚቆየው በሐምሌና በነሐሴ ቶሎ ያልበዋል። ክረምት ላይ ትንሽ እየሠሩ ቶሎ መጨረስ ነው።

ለመሆኑ ጤናማ ነው ወይ? ዲያስፖራው ይህችን ቃል እንዳሻው ይበትናታል። 340 ግራም ማር ውስጥ 280 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ለ36 ቁራጭ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 8 ግራም ይደርሰዋል፣ ይህም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ከፌስታሉ አይሻልም። ማር መድኃኒት ነው የሚለውም ለዚህ አይሠራም፣ ተፈልቷልና። ጥቅሙ ቀለም የሌለበት፣ ጄላቲኑ ከየት እንደመጣ የታወቀ፣ ማሩም ከሚያውቁት ሰው የተገዛ መሆኑ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በዚህ ሙቀት አይሞትም። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆችም፣ እንዳያንቃቸው፣ አድቅቆ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ጄላቲን ከእንስሳ የሚወጣ ስለሆነ በጾም አይበላም። ለጾም የሚሆነው ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ነው፤ ጨው ሳይገባበት ተቀቅሎ፣ ውሃው በእሳት ላይ እስኪወፍር ጎድሎና ቀዝቅዞ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ ይነፋል። የሚያረጋው ደግሞ ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር ነው። አጋር ከሽሮፑ ጋር አብሮ መፍላት አለበት፣ ካልፈላ አይሟሟም። 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በድንገት ስለሚረጋ እጅ መፍጠን አለበት። እንደ ጄላቲኑ አይለጠጥም፣ ሲነከስ ቆረስ ይላል፤ ከሰል ላይ ለመጥበስ ለሚፈልጉ ልጆችም እንደዚያኛው እየቀለጠ አይሳብላቸውም።