የዲከረንሱ ዋግ ባሕር ዛፍ በመትከል አይድንም

ሰሞኑን በአንድ የደን ልማት ውይይት ላይ አንድ የክልል ኃላፊ ስለ አዊ ዞን ዲከረንስ ተጠየቁ። ዲከረንስ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ነው፤ ዋግ የሚባል የፈንገስ በሽታ ገብቶበት እያለቀ ነው። የሰጡት መልስ እስካሁን ያናድደኛል። «በሽታው ከአቅማችን በላይ ነው። አርሶ አደሩ ወደ ባሕር ዛፍ ይዙር፤ ባሕር ዛፍ በሽታ አይነካውም» አሉ። ወዲያው ዘንድሮ ስለሚተከለው ችግኝ ብዛት ማውራት ቀጠሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

ባሕር ዛፍ በሽታ አይነካውም ያለው ማነው? ከሃያ ዓመት በፊት የእኛው ተመራማሪዎች በቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ግንድ የሚያቆስል ፈንገስ አግኝተው ጽፈዋል። ቅጠሉንና ለጋ ቀንበጡን እያሳበጠ ችግኝ የሚያቀጭጭ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ተርብም አለ። ይህ ተባይ መነሻው አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ መካከለኛው ምሥራቅ ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምሥራቅ አፍሪካን አዳረሰ። ኢትዮጵያም ገብቷል። አጥብቆ የሚያጠቃውም ያንኑ ቀይ ባሕር ዛፍ ነው። እስራኤሎች ይኸው ተባይ ሲመጣባቸው አውስትራሊያ ድረስ ሄደው ጠላቱን ፈለጉ። ተባዩን የሚያጠፉ ሌሎች ጥቃቅን ተርቦች አምጥተው ለቀቁበት። ከአቅማችን በላይ ነው ብለው አልተቀመጡም።

ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እዚህ አገር ብዙም ሳይታመም የኖረው ጠላቶቹን አውስትራሊያ ጥሎ ስለመጣ ነው። አሁን አንድ በአንድ እየደረሱበት ነው። ዲከረንስም አውስትራሊያዊ ነው። እሱንም ያገኘው ከትውልድ አገሩ የመጣ ዋግ ነው። የአንዱ ጠላት ሲደርስበት የሌላው ይቀራል ብሎ ማሰብ ምን ዓይነት እቅድ ነው?

ይህን ስህተት ደግሞ በስንዴ ላይ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ቁብሳ የሚባለውን ዝርያ መታው። ያኔም መልሱ «ዝርያ ቀይሩ» ነበር። ዲጋሉ የሚባለው ዝርያ ቢጫ ዋግ ይቋቋማል ተባለ፤ እውነትም ይቋቋም ነበር። አርሲና ባሌ ዲጋሉ በዲጋሉ ሆነ። ሦስት ዓመት አልሞላም። በ2013 መጨረሻ፣ በእኛ በ2006 መኸር፣ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ መጣና ያንኑ ዲጋሉ አወደመው። አዝመራው ሊደርስ ሲል ነበር። ዲጋሉ መጥፎ ዝርያ ስለነበረ አይደለም እንዲህ የሆነው። ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት ተክል ስለተዘራ ነው። ዋግ በነፋስ ነው የሚሄደው። ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ የሚያርፍበት ሁሉ የሚመቸው ከሆነ ማን ያቆመዋል?

በስንዴው ግን ትምህርት ተወስዷል። ዛሬ በየመኸሩ ባለሙያ ማሳ ለማሳ ዞሮ ያያል፤ ናሙና ይላካል፤ የነፋሱ አቅጣጫ ይተነበያል፤ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ስንዴ ቀለብ ነው፣ ይገባዋል። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስስ ቀለቡ አልነበረም? ጤፍና ማዳበሪያ የገዛው፣ ልጅ ያስተማረው፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራው በምን ነበር? በዛፉ ከሰል ነው። የስንዴ ዋግ ሲታይ የሚደወልበት ሰው አለ። የዛፍ ዋግ ሲታይ ገበሬው ማንን ይጥራ? የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ጤፍና ስለ በቆሎ ሠልጥኗል። ስለ ዛፍ በሽታ ያስተማረው የለም። ቅጠሉ ላይ ቡናማው ዝቃጭ ሲታይ ውርጭ ነው የሚል ነበር፤ እርግማን ነው የሚልም ነበር። ትክክለኛ ስሙ እስኪነገር ዛፉ አለቀ።

በእርግጥ ገበሬው ራሱ ባሕር ዛፍ ቢተክል አልፈርድበትም። የሚበላው ይፈልጋል። መንግሥት ግን ይህን መፍትሔ ብሎ ሲያቀርብ ገበሬውን ምን እንደሚያስጥለው ማወቅ አለበት። ዲከረንስ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል። ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ይታጨዳል። በአራት በአምስት ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ሥሩ ናይትሮጅን ይሰጣል። በአሲድ ለተጎዳው ለአዊ መሬት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባሕር ዛፍ ግን ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጉቶውን ነቅሎ መሬቱን ወደ እህል መመለስ ትልቅ ወጪ ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር ዛፍ ይዙር ማለት፣ እህልና ዛፍ እያፈራረቀ የኖረውን ሰው እርሻውን ተው ማለት ነው።

ከአቅም በላይ ነው የሚባለውንም አልቀበልም። ይኸው ዓይነት ዋግ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በዲከረንስ ዘመድ ላይ ታየ። እነሱ ክትትል ጀመሩ፤ ለጋውን ዛፍ በመድኃኒት ረጩ፤ የሚቋቋም ዘር መምረጥ ያዙ። እኛ አገር ተራራ ሙሉ ዛፍ ላይ መርጨት እንደማይቻል አውቃለሁ። የችግኝ መደብ ላይ መርጨት ግን ይቻላል። በጠፋ ማሳ መካከል ለምልመው የቀሩ ዛፎች ካሉ ምልክት አድርጎ ዘራቸውን መሰብሰብ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል? አንድ ቀለም፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ከረጢት። ከአቅም በላይ የሆነው የቱ ነው?

የጽዱን ነገር ያስታወሰ አለ? የጽድ ክሽክሽ፣ የዛፉን ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ገብቶ የፈረንጅ ጽድ ደኖችን አደረቀ። ድንበራችን ላይ ሆኖ ዓመታት ፈጀ። እኛ ግን ተዘጋጅተን አልጠበቅነውም። ሲገባም የፈረንጁ ጽድ ብቻ አልነበረም የሚያሰጋው፤ የሐበሻውን ጽድም ያጠቃል። ማላዊዎች ክሽክሹን የሚያጠፋ ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው ለቀቁ፤ ጉዳቱም ቀነሰላቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተባለ። በ2015 ከ500 ሚሊዮን አለፈ። በ2017 ዕቅዱ 700 ሚሊዮን ደረሰ። ችግኝ መተከሉን አልቃወምም፤ ደስ ይለኛል። ግን ያ ሁሉ ችግኝ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ፣ ከወረዳ ወረዳ በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ቅጠሉን ገልጦ ያየው ማነው? በሽታ በነፋስ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በመኪናም ሩቅ ይደርሳል። ከታመመ ጣቢያ የወጣ ችግኝ በአንድ ቀን ሌላ ዞን ያድራል። ቁጥሩ ማታ በዜና ይነገራል፤ የበሽታው ወሬ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ከገበሬው አፍ ይሰማል።

ኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ ከችግኙ ብዛት በፊት ሌላ ነገር ይንገሩን። በዞኑ ስንት የችግኝ ጣቢያ ተፈተሸ? ማን ፈተሸው? የታመመው ችግኝ ተቃጠለ ወይስ ተሸጠ? የአዊ ገበሬ ባሕር ዛፉ ላይ ያበጠ ቅጠል ሲያይ የሚደውልበት ስልክ ቁጥርስ የትኛው ነው?