ወራጅ አለ፣ ቲቸር!

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቦርሳ አቅፎ ብቻውን የሚያወራ ሰው ካያችሁ አትደንግጡ። ጤነኛ ነው። የፓርት ታይም አስተማሪ ነው። «ሜክሲኮ በ2 ተኩል ጀምሬ 5 ላይ ብለቃቸው፣ ሳሪስ 6 ሰዓት...» እያለ ሂሳብ እየሠራ ነው። እኔም ከሰልፉ አለሁበት።

ቢሮዬ ቦርሳዬ ናት። የሦስት ኮሌጅ አቴንዳንስ፣ ያልታረመ ፈተና፣ ከትናንት የተረፈ ዳቦ ይዛለች። አንድ ቀን የማኔጅመንት ክፍል ገብቼ የሌላውን ኮሌጅ የማርኬቲንግ ሃንድአውት 20 ደቂቃ አስተማርኩ። ማንም አልነቃብኝም። እንዲያውም ይጽፉ ነበር።

ባለፈው ማርከሬ ደረቀብኝና ንብረት ክፍል ሄድኩ።

«ቲቸር፣ የድሮውን ይመልሱ።»

«አልቋል እኮ።»

«ቀፎውን ነዋ የምልዎት!»

ቀፎውን አስረክቤ፣ በሁለት ኮፒ ፈርሜ አዲስ ተረከብኩ። የእኔ ውል ግን ኮርሱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶትም አልተፈረመም። በዚያ ግቢ ከእኔ ይልቅ ማርከሩ ይታወቃል።

ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ነው፤ እሱም ግሬድ ካስረከብኩ በኋላ። ግሬዱ አንድ ቀን ቢዘገይ ሬጅስትራር በቀን አምስቴ ይደውልልኛል። ገንዘቡ ሲዘገይ ደዋዩ እኔ ነኝ። «ፊርማ ይቀረዋል፣ ሰኞ ይሞክሩ።» የትኛው ሰኞ እንደሆነ አይነገርም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ተማሪ ሲወድቅ ስብሰባ ላይ «የእኛ መምህራን» ተብዬ እወቀሳለሁ። የበዓል ዶሮ ሲታደል ግን «ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ላይ ቆሜ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። ተማሪዬ ናቸው፤ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው።

«ቲቸር፣ ይግቡ እንጂ! ወዴት ነዎት?»

«ሳሪስ።»

ወንበሩ ይሞቃል። ሙዚቃው ለስላሳ ነው። እኔም መማር እንደዚህ ነው እንዴ የሚያስከብረው ብዬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ጎተራ ስንደርስ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ቲቸር... ያቺ የሚድ ነገር፣ 9 ከ30 የሰጡኝ...»

ዝናቡ አላባራም። ሳሪስም ገና ነው።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።