ይድረስ ለክቡር የዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ታርጋዬ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከፓርኪንግ ትኬቱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው ዓርብ በሰው ፊት ስላዋረዱኝ ነው።

የቤተሰብ ቪዛ የተጓተተብን ሰዎች ቨርጂኒያ አንድ አዳራሽ ተጠርተን ነበር። ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሁሉም ለሴናተሩ ይደውል ተባለና በር ላይ ወረቀት ታደለ፦ «ስሜ … ይባላል፤ የ… ነዋሪና መራጭዎ ነኝ»። አስተባባሪዋ ልጅ ማይኩን ይዛ «የቨርጂኒያ በስተቀኝ፣ የሜሪላንድ በስተግራ!» አለች። ወንበሩ ተንኳኳ፣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ መሀል ላይ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«ዲሲ ነኝ።»

ልጅቷ ዝርዝሯን አገላበጠች፣ ጓደኛዋን በሹክሹክታ ጠየቀች። ከዚያ ዝቅ ብላ በትሕትና፣ «ዲሲ ዋና ከተማ እንጂ ስቴት ስላልሆነች ሴናተር የላትም ለካ። እንግዲያው ሻይ ቡናውን ቢያግዙን?» አለችኝ።

አገዝኩ። ምን ላድርግ? ሌላው ስልክ ሲያናግር እኔ ከፔርሙዝ ስቀዳ ዋልኩ። አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ጓደኛዬ ስልኩን በትከሻው እንደያዘ «ስኳር ጨምርበት፣ ሆልድ ላይ አድርገውኛል!» አለኝ። (ሰፈሩ እ.ኤ.አ. እስከ 1846 የዲሲ አካል ነበር፤ እሱ ይህን የት ያውቃል።) ሆልድ ላይ መደረግ የሚያስቀና ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ወጥቼ መኪናዬ ጋ ስደርስ እርስዎ ደረትዎን ነፍተው «ያለ ውክልና ግብር ይቁም» የሚለውን ጽሑፍዎን ያሳያሉ። የቆምኩትስ እኔ ነኝ፣ ፔርሙዝ ይዤ!

ሲቲዝን ለመሆን የሸመደድናት መቶ ጥያቄ ዳሽቦርዱ ላይ ከርማለችና ያስታውሷታል። 61ኛዋ፦ ቅኝ ተገዢዎቹ እንግሊዝን ለምን ተዋጉ? ያለ ውክልና ግብር ስለተጣለባቸው። 20ኛዋ፦ ከግዛትህ ሴናተሮች የአንዱን ስም ጥራ። የዲሲ ሰው ትክክለኛ መልስ፦ ሴናተር የለንም። ሁለቱንም በቃሌ ይዤ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ።

እነዚያ ቅኝ ተገዢዎች እኮ በ1765 ለንደን በጋዜጣው፣ በውሉ፣ በመጫወቻ ካርታው ላይ ሳይቀር የቴምብር ግብር ስትጥልባቸው ያንገበገባቸው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ፓርላማ ውስጥ ስለ እኛ እጁን የሚያወጣ ሳይኖር እጁን ኪሳችን የሚከተው ማን ነው? አሉ። ለንደን ደግሞ፣ ማንቸስተርና በርሚንግሃምም ወኪል የላቸውም፣ ፓርላማው ለሁላችሁም ያስባል አለቻቸው። አልዋጥላቸው አለ። በ1766 ቴምብሩ ቢሰረዝም በዚያው ቀን «በማናቸውም ጉዳይ» ልናዛችሁ ሥልጣን አለን የሚል ሕግ ወጣ። ቀጥሎ የሻዩ ቀረጥ መጣና በዲሴምበር 1773 ቦስተን ላይ 342 ሣጥን ሻይ አንስተው ባሕር ጣሉ። እኔ ቀዳሁት፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

በ1776 ነፃነታቸውን ሲያውጁ ያንኑ «በማናቸውም ጉዳይ» የሚለውን ንጉሡን ከከሰሱባቸው ወንጀሎች አንዱ አደረጉት። በ1787 ሕገ መንግሥት ሲጽፉስ? ለዋና ከተማዋ «በማናቸውም ጉዳይ» ሕግ የሚያወጣላት ኮንግረሱ ነው አሉ። ቃሉን እንኳ አልቀየሩትም!

አንተ ታርጋ፣ ስማኝ! በ2020 ቆጠራ ከ689 ሺህ በላይ ሰው ነን፤ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም እንበልጣለን። የግብር ማሳወቂያው ቀን ኤፕሪል 15 ሲደርስ «አንተ ዲሲ ነህ፣ ይቅርብህ» ያለኝ የለም። ፖርቶ ሪኮም ሴናተር የላትም፤ ግን እዚያ የሚኖር ሰው በደሴቲቱ ላገኘው ገቢ በአብዛኛው የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፍልም። እኛ እንከፍላለን፣ ልጆቻችን ይዘምታሉ፣ የመረጥነው የከተማ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ግን ኮንግረስ ውስጥ ማናችንም ያልመረጥነው ሰው ተነስቶ ይሽረዋል። ዕድር ሳያጓድሉ ከፍሎ በሐዘን ቀን ድንኳን መከልከል ማለት ይህ ነው። በ2016 ከመቶ ሰማንያ አምስት በላይ የሚሆነው መራጭ ስቴት እንሁን አለ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2020ም በ2021ም አሳለፈው፤ ሴኔት ደርሶ ቀረ። ሴናተር ለማግኘት ሴናተር ያስፈልጋል!

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

በ2000 «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ጽሑፍ ይዘው ሲለጠፉልን እኮ ተስፋ ነበረን። ክሊንተን ሊሞዚናቸው ላይ አደረጉዎ፣ ቡሽ ነቀሉዎ፣ ኦባማ በ2013 መለሱዎ። በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ አለን፤ ትናገራለች፣ ኮሚቴ ውስጥም ድምፅ ትሰጣለች፣ ምክር ቤቱ ሕግ ሲያጸድቅ ግን ቁጭ ብላ ታያለች።

ዘመድ ሁሉ «ድልድዩን ተሻገርና ቨርጂኒያ ግባ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሴናተር ታገኛለህ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። እያሰብኩበት ነው። ብቻ ከዚያ በፊት እርስዎን ፈትቼ ማስረከብ አለብኝ አሉ፤ ለዚያ ደግሞ ወረፋው ከጠዋት ነው የሚያዘው።