ነጋሪት በ12 ቮልት

ድሮ ትልቅ ሰው ሲመጣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ነጋሪት ለማስጎሰም ግን መሾም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ፣ ሶማሌ ተራ ይኑርልን፣ ሹመቱ በካርቶን ይሸጣል፦ ባለ 100 ዋት ሳይረን፣ 12 ቮልት፣ ከነማይክሮፎኑ። ሳይረን ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለፖሊስ ብቻ ነው የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። ቀይና ሰማያዊ መብራት አንቦግቡጎ፣ ሳይረኑን ለቆ ወደ ቦሌ የሚበር ቪ ኤይት ሲያዩ “ምን ደርሶ ይሆን?” ብለው ይደነግጣሉ። የደረሰው ሸክላ ጥብስ ነው። ጥብስ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?

ከባለመኪናው በላይ ሊመሰገን የሚገባው ግን ሳይረኑን መኪናው ላይ የሚገጥመው ሰው ነው። ባለ 100 ዋት ሳይረን ሲጮህ ከ8 እስከ 10 አምፔር ይስባል። ፈሪ ባለሙያ ይህን ይሰማና ከባትሪው በቀጥታ ለብቻው ሽቦ ይዘረጋል፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ መንገዱ ከረዘመ 4። ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅም የ15 አምፔር ፊውዝ ያስገባል። ለምን እዚያ? ሽቦው መሐል ላይ ተልጦ ቦዲ ቢነካ ከፊውዙ ወዲያ ያለውን ፊውዙ ያድነዋል፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ግን የሚያድነው የለም፤ ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ባጠረች ቁጥር ይሻላል። የኛ ጀግና እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። የሬዲዮዋ ቀጭን ሽቦ እዚያው እጁ ሥር አለች፤ ይልጣታል፣ ይጠመዝዝባታል፣ በናስትሮ ይጠቀልላታል። ፊውዙ ሲበጠስ 30 ይተካል። 30ውም ሲበጠስ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት አለ። ከዚያ ወዲያ ፊውዝ ተቃጠለ የሚባል ነገር የለም፤ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ከሽቦው ቀጥሎ ክሩስኮቱ።

ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየውን ብረት በስቶ ሽቦውን ሲያሳልፍም ቀዳዳው ላይ የሚገባ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒ፣ አያባክንም። የተበሳ ብረት ጠርዙ ምላጭ ነው፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ ቀን ከሌት ሽቦውን እየነቀነቀ ያስገዘግዘዋል። ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘውን የሳይረኑን ኔጋቲቭ ሽቦ፣ ቀለም የተቀባ ቡሎን ላይ ያስርና ሳይረኑ ጉንፋን እንደያዘው ሲያጉረመርም “ዕቃው ቻይና ነው” ይላል። ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ማሳየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ግን ሁለት ደቂቃ ነው።

በ24 ቮልት የሚሠራ ትልቅ የእሳት አደጋ መኪና ሲያጋጥመው ደግሞ ጥበቡ ይፈተናል። ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተከታትለው ታስረዋል፤ ሳይረኑ 12 ነው። ሌላው ቢሆን ባለ 24 ሳይረን ወይም ቮልት መቀነሻ ይፈልግ ነበር። እሱ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይጠልፋል፤ ወዲያው ይሠራል! ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚሞላው፤ እናም የተጠለፈው ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፣ ጓደኛው ከልክ በላይ እየጠገበ ውኃው ይፈላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። የወንድማማች ሞት።

የሳይረኑ ድምፅ የሚወጣበት ጡሩምባ የት ይቀመጥ? ፓራውልቱ ላይ፣ አፉን ወደ ፊት ከፍቶ፣ የዝናብ ውኃ እንዲወርድ በትንሹ ወደ መሬት አጎንብሶ፣ ይላሉ ዐዋቂዎች። ይህ ለታይታ አይመችም። ጣራ ላይ ሲወጣ ግርማ አለው፤ ጩኸቱ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ነርሷ የደም ግፊት ስትለካ ምንም እንዳይሰማት ቢያደርግስ ምን አለበት? በግምት ትጻፈው። ራዲያተሩ ፊት ለፊት መግጠምም የተወደደ ነው። ነፋሱን ይከለክላል፤ አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ መሐል ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ እንዲያርፍ ያስችለዋል። አንድ ባለ 11 ኦም ጡሩምባ እንዲሸከም በተሠራ ሳይረን ላይ ሁለት ጎን ለጎን ማሰርም አለ፦ ከረንቱን የሚገታው መጠን በግማሽ ወርዶ 5.5 ኦም ይሆናል፣ የሚስበው ከረንት እጥፍ ይሆናል፣ ማጉያው አንድ ጊዜ በጀግንነት ጮኾ ለዘላለም ያርፋል።

ሙከራውም ያው ሰፈር ውስጥ ነው። ረዳቱ ልጅ ጆሮውን ወደ ጡሩምባው አስጠግቶ “ይሰማል! ይሰማል!” ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንምጣ። ሳይረን ከ3 ሜትር ላይ ሲለካ 120 ዴሲቤል ገደማ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳል፦ በ6 ሜትር 114፣ በ12 ሜትር 108፣ በ24 ሜትር 102፣ በ48 ሜትር 96። መስኮቱን የዘጋ መኪና ከዚህ ላይ 20 ወይም 30 ይበላል። የቀረውን የታክሲው ቴፕና የወያላው “አራት ኪሎ! ፒያሳ!” ይካፈሉታል። በሰዓት 80 የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ከጎን የሚመጣው ሾፌር ድምፁን ሰምቶ ከየት ነው እስኪል ሁለት ሰከንድ ቢፈጅበት 44 ሜትር አልቋል። መስቀለኛው ጥግ ላይ ፎቅ ካለ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደመጣ ጨርሶ አይለይም። ለዚህ ነው ቀይ መብራት ላይ ሳይረን የያዘም ቢሆን ቆም ብሎ በየረድፉ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ይለፍ የሚባለው። ጀግናው ሾፌር ግን ሳይረኑ ግድግዳ ይመስለዋል፤ ከኋላው ተከልሎ ያልፋል።

ድምፅ መቀያየርም አይወድም። ረጅሙና ቀርፋፋው ዋይታ ለሰፊ መንገድ ነው፤ አጭሩና ፈጣኑ ለመጋጠሚያ፤ ለውጡ ነው የሰውን ጆሮ የሚቀሰቅሰው። በትክክል ከተገጠመ ክላክሱን መጫን ብቻ ድምፁን ይቀይራል፣ እጅ ከመሪ አይነሳም። የኛው ቁልፍ ግን ከሬዲዮው ሥር ጉልበት አጠገብ ስላለ፣ ለመቀየር ማጎንበስ፣ ለማጎንበስ መንገዱን መተው ያስፈልጋል። ሁለት አምቡላንሶች ተከታትለው በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲመጡማ ይበልጥ ያምራል፦ ባለቪትዙ ለፊተኛው በጨዋነት ጥግ ይይዛል፣ “አለፈ” ብሎ ይመለሳል፣ የኋለኛው በሩን ያንኳኳለታል። የኋለኛው ሌላ ድምፅ ቢለቅ ኖሮ ሁለት መሆናቸው ይታወቅ ነበር።

ከአምቡላንሱ ኋላ 3 ሜትር ተጠግቶ የሚነዳውን ሳናመሰግን ማለፍ ነውር ነው። በስንት ጩኸት የተከፈተ መንገድ ባለቤት አጥቶ ሲዘጋ ማየት አንጀቱ አልቻለም።

በዚህ ሁሉ ትጋት ሳይረን ቅኔ ሆኗል። ሰሙ “ሰው እየሞተ ነው”፣ ወርቁ ግን እንደ ሰሚው ይለያያል። መገናኛ አደባባይ ላይ በአንድ ጊዜ 3 ጩኸት ይሰማል፦ አንዱ 907 ተደውሎለት የመጣ አምቡላንስ ነው፣ ውስጡ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ቪ ኤይቱ ወደ ጥብሱ ነው፤ ሦስተኛው በክላክስ የደመቀ የሙሽራ አጀብ ነው። የታክሲው ሾፌር ሦስቱንም በመስታወቱ አየ። ለሙሽሮቹ አሳለፈ፤ ቪዲዮ ቀራጩ ከኋላ ኮፈን ላይ ተቀምጦ እጁን አውለብልቦለታል።