ስፖኪዮውን ማን መለሰው?

ባለፈው ሳምንት በቀበሌያችን ስብሰባ አንድ ውሳኔ ተላለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶችና ሽማግሌዎች በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጠው የሰፈር ጠብ የሚያበርዱበት ፕሮግራም ይቁም ተባለ። አዳራሹ “ለተሻለ ሥራ” ይፈለጋል አሉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ዝም ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር። የቀበሌ አዳራሽ ድሮም ለተሻለ ሥራ ይፈለጋል፤ ከዚያ ተቆልፎ ይከርማል። ግን መድረኩን የያዙት ሰው ጨመሩበት። “ሽምግልና ለገጠር ነው። ከተማ የሚተዳደረው በሕግ ነው። ሌባ በምክር አይታረምም።”

ተጨበጨበ። ያበገነኝ እሱ ነው፣ ጭብጨባው።

ሽምግልና ለገጠር ነው? በየት በኩል? ሀዋሳ ውስጥ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ አይላክም? ባልና ሚስት ሲኳረፉ መጀመሪያ የሚሮጠው ማን ነው፣ ዐቃቤ ሕግ? ፒያሳ ሱቅ ያላቸው ሁለት ሸሪኮች በሒሳብ ሲጣሉ ክስ ከመመሥረታቸው በፊት ስንት ሰው በመሃል እንደሚገባ እናውቃለን። እኚሁ ሰው ነገ ሽማግሌ በራቸውን ቢያንኳኳ “ከተማ ነው፣ ልጄን በሕግ አግባብ ጠይቁኝ” ሊሉ ነው?

የፍቼ ጨምበላላ አደባባይ ጉዱማሌስ የት ነው? እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. ሲመዘግበው ጭፈራው ስላማረው ብቻ አይደለም። የተጣላ ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት እንዳይሻገር የሚያደርግ በዓል ነው። በየዓመቱ የባህል ልብስ ለብሰን ፎቶ እንነሳበታለን። የቀረውን ዓመት ደግሞ “ለገጠር ነው” እንላለን።

አፊኒ የሚለውን ቃል ሀዋሳ ኖሮ ያልሰማ የለም። በሲዳምኛ “ሰማችሁ ወይ?” እንደማለት ነው። ሶንጎ፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ሲቀመጥ ከፍርዱ በፊት ይህ ጥያቄ ይቀድማል። የበዳይም የተበዳይም ይሰማል፣ የተቀመጠው ሰው ይናገራል፣ ነገሩ እውነቱ ላይ፣ ሃላሌው ላይ እስኪደርስ ይገላበጣል። እኔ የሲዳማ ተወላጅ አይደለሁም። እናቴ ከወላይታ ናት፣ አባቴ ከሸዋ። ግን ከዚህ የተሻለ የችሎት መክፈቻ እስካሁን አላየሁም። ሰማችሁ ወይ? የስብሰባችን መድረክ ይህችን አንዲት ቃል ቢጠይቅ ኖሮ ያ ውሳኔ ባልተወሰነ።

“በሕግ ነው” ላሉትም መልስ አለ፣ ከሕጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ እርቅና ስለ አስታራቂ አንቀጽ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 የባህልና የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች የሚታወቁበትን በር ከፍቷል። የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ እርቅን አማራጭ ብሎ ጽፎታል። ጎረቤታችን ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል። ሕግ ሕግ የሚለው ሰው አንዳንዴ ቢያነበውም ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ስፖኪዮው።

ከወር በፊት ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ የቆመ ባጃጅ ስፖኪዮ ነቅሎ ሮጠ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። “ሌባ! ሌባ!” ተባለ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ከጁስ ቤት የወጣው መታ፣ ከጀበና ቡናው የተነሳው መታ፣ ምን እንደተሰረቀ እንኳ ያልጠየቀ መንገደኛም ረግጦ አለፈ። ልጁ ሲያዝ እጁ ባዶ ነበር። ስፖኪዮውን ለሌላ አቀብሎታል። ጥርሱ ወለቀ። ፖሊስ ደርሶ ባያስጥለው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ ነበር።

የባጃጁ ሹፌር ጣቢያ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሦስቱንም ቀን “ነገ ና” ተባለ። ባጃጇ የእሱ አይደለችም፤ ሠራም አልሠራ ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል። እንግዲህ ቁጠሩት። ስፖኪዮው ጠፋ፣ የሦስት ቀን ሥራ ጠፋ፣ ከኪሱ ገቢ ከፈለ። ልጁ ቢፈረድበትና ቢታሰር ይህ ሹፌር ምን ያገኛል? “ተቀጣልህ” ይባላል። ተቀጣልኝን ባለንብረቱ አይቀበለውም።

በአራተኛው ቀን የልጁ እናት ወደ እድሩ መጡ። ከዚያ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት በዚያ አዳራሽ፣ በእድሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ሁሉም ተቀመጡ። ልጁ፣ እናቱ፣ ሹፌሩ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ አንዲት የእድር እናት፣ አራት የሰፈር ወጣቶች። እኔም ጥግ ላይ ነበርኩ።

ሹፌሩን ምን ትፈልጋለህ አሉት። ካሳ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ልጁ ዞሮ “ለማን ነው የምትሸጡት?” አለው።

ይህ ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያንሰላስለው ጥያቄ ነው። ማታ የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት አንድ ቦታ ይሸጣል። አንዳንዴ የራስህን ስፖኪዮ ነው መልሰህ የምትገዛው፣ ያውም ጭረቱን እያወቅከው። ልጁ ጣቢያ ውስጥ ይህን ተጠይቆ ትንፍሽ አላለም ነበር። ቢናገር ነገ የሚጠብቀውን ያውቃላ። እዚህ ግን እናቱ አጠገቡ ናቸው፣ የተጎዳው ሰው ፊት ለፊቱ ነው፣ የሚደበድበው የለም። መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ገዢው ራሱ መጣ። በጥሪ ወረቀት አልነበረም የመጣው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ቡና ጠጥተው “ቅዳሜ እንጠብቅሃለን” ስላሉት ነው። ስፖኪዮዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟት ነበር። ያው የበፊቷ ስፖኪዮ፣ ከነጭረቷ።

ልጁ የሦስቱን ቀን ገቢ ለመክፈል ተስማማ፤ በየእሑዱ ባጃጅ እያጠበ፣ በትንሽ በትንሹ። እስካሁን ሦስት እሑድ አጥቧል። አንዱን ቀርቷል፣ አልዋሽም።

ግን እኔን ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የእድሯ እናት “የልጁ ጥርስስ?” አሉ። ዝም ተባለ። ከአራቱ ወጣቶች ሦስቱ በዚያ ቀን ከመቺዎቹ መሃል ነበሩ። አንዱ “ሁሉም ሲመታ እኔም መታሁ” አለ። “ስንት ጊዜ?” አሉት እማማ። ወጣቱ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። እየቆጠረ መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ለጥርስ ሐኪሙ ሦስቱ ተካፍለው ከፈሉ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይህን “ስንት ጊዜ?” የሚለውን ጥያቄ የትኛው መዝገብ ላይ ነው የምናገኘው? በመንጋ የመታ ሰው ሲከሰስ ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ከተማ በሕግ ይተዳደራል ያሉት ሰው ያን ቀን ሰፈሩን ያስተዳደረው ጡጫ እንደነበር አልሰሙም። ሕጉ ሲደርስ ጥርሱ ወልቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ስፖኪዮ አልጠፋም። ገና አንድ ወር ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ አንድ ወር ነው። እናንተ በእስር ብቻ አንድ ወር ያለ ስፖኪዮ ስርቆት ያሳለፋችሁበትን ሰፈር አሳዩኝና እንነጋገራለን። እስከማውቀው ድረስ በስፖኪዮ የገባ ልጅ ባትሪ አፈታት ተምሮ ነው የሚወጣው።

በዳይና ተበዳይን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስታረቅን ምሁራን “ተሐድሷዊ ፍትሕ” ይሉታል። በ1974 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ኤልሚራ በምትባል ከተማ ሁለት ጎረምሶች ሰክረው በአንድ ሌሊት 22 ንብረት አበላሹ። አንድ የአመክሮ ሠራተኛ ተጎጂዎቹን ፊት ለፊት ያግኟቸው ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛውም ተቀበሉት። ልጆቹ በር እያንኳኩ ጥፋታቸውን ተናገሩ፣ ኪሳራውንም ከፈሉ። ዛሬ ዓለም የዚህ ዘዴ መነሻ ብሎ ያስተምረዋል። ተመልከቱ፣ ኤልሚራ ሲሆን ታሪክ ነው፣ የእኛ አዳራሽ ሲሆን ምክር ነው። እርግጠኛ ነኝ፣ ይኸው ቅዳሜ በእንግሊዝኛ ስም ቢመጣ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለአምስት ቀን በአበል እንሰለጥንበት ነበር። የሻይ ሰዓቱም፣ የምስክር ወረቀቱም አይቀርም። የእኛ ጥፋት በነፃ መሥራታችን ነው።

ደግሞ ቅዳሜ የሚሠራው እርቅ ብቻ አይደለም። ልምምድ አለ። ሁለት ልጅ ይነሳል፤ አንዱ ባጃጅ ሹፌር፣ አንዱ ተሳፋሪ ይሆናል። በመልስ ይጣላሉ። ተሳፋሪው የሚችለውን ሁሉ ይሳደባል፤ ሹፌሩ ሳይመታ፣ ሳይሰደብ፣ ግን ብሩንም ሳይለቅ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ቀን ሳቅ በሳቅ ነበር። ሁለተኛው ቀን አንዱ የእውነት ተናዶ ኮሌታ ያዘ። ለዚህ ነው ልምምድ የሚባለው።

ሳይመቱ መቆም ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወጡት ነገር አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ናሽቪል ጥቁር ተማሪዎች ለነጭ ብቻ በተባለ ምግብ ቤት ሲቀመጡ፣ ሲሰደቡና ሲመቱ እጃቸውን ያላነሱት ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም። ጄምስ ሎውሰን የሚባል ሕንድ አገር ቆይቶ የተመለሰ ወጣት ቀደም ብሎ አለማምዷቸው ነበር። ግማሹ ሰዳቢ ሆኖ፣ ግማሹ ተሰዳቢ ሆኖ። ልክ እንደ እኛ ባጃጅ። በወራት ውስጥ የከተማዋ ምግብ ቤቶች በራቸውን መክፈት ጀመሩ። ጡንቻ የሚገነባው ጂም ገብተን ነው ብለን እንከፍላለን፤ ትዕግሥት ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ “ሰላማችንን እንጠብቅ” ተብሎ ሲለጠፍ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን።

የሰኔ 2010ን ግጭት ሀዋሳ አትረሳውም። ያውም በእርቅ በዓል ሰሞን ነበር። በክልልነት ጥያቄ ሁከት የተነሳበትን ሐምሌ 11 ቀን 2011ንም አትረሳውም። ያኔም ሕግ ነበር፣ ፖሊስ ነበር፣ ቀበሌም ነበር። ድንጋይ ያነሳው እጅ ግን ቁጣ ሲመጣ ሌላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማንም አሳይቶት የማያውቅ እጅ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አዳራሽ መቆለፍ ርካሽ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

አንድ ነገር ልመን፣ አንድ ብቻ። አስገድዶ ደፋሪን “በሽማግሌ ጨረስነው” የሚሉ አሉ። ሚስቱን የሰበረን ባል “ትዳር ነው” ብለው የሚመልሱም አሉ። ይህ ወንጀል መደበቅ እንጂ እርቅ አይደለም፤ ቦታውም ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌው ሁሉ ወንድ የሆነበት ሸንጎም ግማሹን ጆሮ ዘግቶ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው የእድሯ እናት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት። የእኛ ቅዳሜ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲመጣ አልተቀበለም፤ ሴትየዋን አጅቦ ወደሚመለከተው ሸኝቷል። ተቺዎቻችን ይህንን ሊጠይቁን ይችሉ ነበር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እነሱ ግን “ለገጠር ነው” ማለትን መረጡ።

የአዳራሹ ቁልፍ የቀበሌው ነው፣ አይካድም። ወንበሮቹ ግን የእድሩ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ሐሙስ ዕለት ተነጋግረናል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት አውጥተን ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት እንደረድራቸዋለን። መድረክ ላይ ለነበሩትም አንድ ወንበር ይያዝላቸዋል። ከመጡ የመጀመሪያውን ጥያቄ እማማ ናቸው የሚጠይቋቸው።