ታይኒ ሃውስ ከመግዛታችሁ በፊት ከተማውን ጠይቁ

«ፐርሚት አያስፈልገውም።» ታይኒ ሃውስ የሚባለውን ትንሽ ቤት የሚሸጡ ሰዎች ይህችን አባባል ይወዷታል፤ የከተማው የግንባታ ፈቃድ አያሻውም ማለታቸው ነው። ቲክቶክ ላይ ተጣጥፎ በጭነት መኪና የመጣ ቤት ይዘረጋል። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ሻወር ሳይቀር አለው። «ጓሮህ ላይ አስቀምጠው፣ ኤርቢኤንቢ ላይ አውጣው፣ ሞርጌጅህን ራሱ ይከፍልልሃል» ይላል ሻጩ፤ ኤርቢኤንቢ ቤትን ለአጭር ጊዜ እንግዳ የሚያከራዩበት ድረ ገጽ ነው። ካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስም ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ያለው የእኛ ሰው ቪዲዮውን እየተቀባበለ ያየዋል። አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሲከራይ እያየ ያደገ ሰው፣ ባዶ ጓሮ ሲያይ ቢቆጨው ምን ይገርማል?

እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ቤቱ ይገዛል፤ ሕጉ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፐርሚት አያስፈልገውም» የሚለው ነገር ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የካሊፎርኒያ የግንባታ ሕግ እስከ 120 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 11 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነች ፎቅ የሌላት የዕቃ ማስቀመጫ ያለ ፐርሚት መሥራት ይፈቅዳል። ብስክሌትና የሣር ማጨጃ የሚቀመጥባት ዓይነት ማለት ነው። ሰው ካደረባት፣ ውኃና መብራት ከገባላት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ብቻ ነግሯችሁ ይሄዳል። ሁለተኛውን የምትሰሙት ከኢንስፔክተሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቤቱ በምን ላይ እንደቆመ ነው። መሠረት ላይ ከቆመ ሕጉ ቤት ይለዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለው የጓሮ ቤት ኤዲዩ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ስቴቱ በዚህ በኩል ብዙ ርቀት ሄዷል። ከተማው የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከ750 ካሬ ጫማ በታች ለሆነ ኤዲዩ ደግሞ ትልልቅ ቤት የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን የልማት ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ባለቤቱ ግዴታ እዚያው ግቢ ይኑር ማለትም አይቻልም።

ጎማ ካለው ግን አብዛኛው ከተማ ቤት አይለውም፤ አርቪ፣ ማለትም ለጉዞ ማደሪያ የሚሆን ተሽከርካሪ ነው። አርቪ ደግሞ አርቪ ፓርክ እንጂ የሰው ጓሮ ላይ ቋሚ መኖሪያ አይሆንም። ይሄ እኔን አይዋጥልኝም። ያው ኩሽና፣ ያው አልጋ፣ ያው መታጠቢያ ቤት ሆኖ ከሥሩ ጎማ ስላለ ብቻ ሕገወጥ ይሆናል። ሎስ አንጀለስ በ2019 መጨረሻ የተሻለ መንገድ አገኘች። ከ150 እስከ 430 ካሬ ጫማ የሆነ፣ በካሊፎርኒያ ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ መመዝገቢያ ቢሮ) የተመዘገበና የጥራት ደረጃውን ያሟላ ባለጎማ ቤት ጎማው ተሸፍኖ እንደ ኤዲዩ እንዲቆጠር ፈቀደች። ፖርትላንድም በ2021 በሯን ከፍታለች። ሌሎቹ ከተሞች ምን እንደሚጠብቁ አይገባኝም። መንገድ ዳር ድንኳን የሞላበት ከተማ ጎማ እየቆጠረ ሰው ሊከለክል አይገባም።

ሁሉም ደንብ ግን ጣጣ ማብዛት አይደለም። ታይኒ ሃውስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተኛው ቆጥ ላይ ነው። ስቴቶችና ከተሞች እንደ ናሙና የሚወስዱት የ2018ቱ የአሜሪካ ሞዴል የመኖሪያ ቤት ኮድ ለዚህ ራሱን የቻለ አባሪ አለው። እስከ 400 ካሬ ጫማ ያለውን ቤት ታይኒ ሃውስ ይለውና የጣሪያውን ከፍታ ወደ 2 ሜትር ዝቅ ያደርግለታል። ቆጡ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል። በምትኩ ግን ከቆጡ የሚያስወጣ መስኮት ይጠይቃል። እሳት ከታች ከኩሽናው ቢነሳ መሰላሉ መውጫ አይሆንም። ከቻይና ተጣጥፎ የመጣው ቤት ቆጥ ላይ መስኮቱ አይከፈትም ብሎ ፐርሚት የከለከላችሁን ኢንስፔክተር አትርገሙት።

የእኛን ሰው ይበልጥ የሚያሳዝነው የኤርቢኤንቢው ነገር ነው። ሒሳቡ ሁሉ የተሠራው በሌሊት ቁጥር ነው። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ዶላር፣ ሲባዛ በ30። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግን ከ2019 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ማከራየት የሚቻለው የምትኖሩበትን ዋና ቤት ብቻ ነው። እሱም ተመዝግቦ፣ በመደበኛው ፈቃድ በዓመት እስከ 120 ቀን ነው። ከጃንዋሪ 2017 ወዲህ ፐርሚት የተሰጠው ኤዲዩ እናንተ ራሳችሁ ካልኖራችሁበት ለአጭር ጊዜ አይከራይም። የስቴቱም ሕግ ያዘነበለው ከ30 ቀን በላይ ለሚቆይ ተከራይ ነው። እዚህ ላይ እኔ ከከተማው ጎን ነኝ። ክፍያው የቀለለውና ፐርሚቱ የተፋጠነው ለቱሪስት አልጋ እንዲጨመር ሳይሆን የሚኖርበት ያጣ ሰው ቤት እንዲያገኝ ነው። በወር ሒሳብ የማያዋጣችሁ ከሆነ መጀመሪያውኑ አያዋጣችሁም።

ሜሪላንድ ሄዳችሁ በካሊፎርኒያ ሕግ እንዳትከራከሩ ደግሞ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ኤዲዩ ለማከራየት የኪራይ ላይሰንስ ይጠይቃል፣ ባለቤቱም እዚያው ግቢ እንዲኖር ያዛል። ኤዲዩውን በኤርቢኤንቢ መልቀቅም ክልክል ነው። የሎስ አንጀለስ የአክስት ልጅ የነገረቻችሁ እዚህ አይሠራም።

«ማን ያውቅብኛል?» የሚልም አይጠፋም። ጎረቤት ያውቃል። የባሰው ግን ከተከራዩ ጋር ስትጣሉ ነው። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ያለ ፐርሚት በተሠራ ቤት ላይ የተፈጸመን የኪራይ ውል አይቀበሉም። ተከራዩ ሦስት ወር ባይከፍል «አስከፍሉልኝ» ብላችሁ ብትሄዱ፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የቤቱን ወረቀት ነው። እሳት ቢነሳ ደግሞ ኢንሹራንሱ ያንኑ ወረቀት ይጠይቃል። በቃል ተስማምቶ፣ ዲፖዚቱን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ተቀብሎ ቁልፍ መስጠት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አገር ቤት እንኳ ይሄ እየቀረ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸው ግለሰቦች ሁለት ወር መቀበል ይችላሉ።

ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ከተማው ፕላኒንግ ቢሮ ሂዱና አድራሻችሁን ስጡ። ዞኑ (የሰፈሩ የመሬት አጠቃቀም ደንብ) ይፈቅዳል? ጎማ ያለው ይፈቀዳል? ፍሳሹ የት ይገናኛል? ለስንት ቀን ማከራየት ይቻላል? መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

አንዴ ሠርታችሁ ያበቃችሁም ካላችሁ በር አልተዘጋባችሁም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2020 በፊት ያለ ፐርሚት የተሠራ ኤዲዩ ካላችሁ፣ በ2025 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያግዛችኋል። ከተማው ፐርሚት ሊከለክላችሁ የሚችለው ቤቱ ለጤናና ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ኖሮበት ካልታረመ ነው። ከማመልከታችሁ በፊትም ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር በምስጢር እንዲያይላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ጉድለቱን እሱ ይንገራችሁ፣ አስተካክሉት፣ ከዚያ አመልክቱ።